ዳኛዋ ማስረጃዬን አልፈው ሄዱ፣ አሁኑኑ ይግባኝ ልበል?

ሰላም ናችሁ ወሎዬዎች፣ እንዴት ከረማችሁ። የዚህን ወር ደብዳቤ ስገለባብጥ አንድ ነገር ገረመኝ። አንዱ ከኮምቦልቻ፣ አንዷ ከደሴ፣ አንዲት እናት ከወልድያ ጽፈዋል፣ አይተዋወቁም፣ ጉዳያቸውም አይገናኝም፣ ግን ሁሉም የሚጠይቁት ያንኑ ነው፦ ክርክሩ ገና ሳያልቅ ዳኛ መሃል ላይ "ይሄ ሰነድ ይምጣ" ወይ ደግሞ "አይምጣ" ብሎ ሲያዝ ወዲያው በላይ ፍርድ ቤት ማስቀየር ይቻላል ወይ? ስለዚህ የመሬትና የቤት ኪራይ ጥያቄ የላካችሁ ለሚቀጥለው ወር ታገሱኝ፣ ዛሬ ሙሉውን ለዚህ ሰጥቼዋለሁ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ወንድማችን። ኮምቦልቻ ነኝ፣ እህል ነው ምነግደው። ከአንድ ሰው ጋ በሽርክና ከቃሉና ከከሚሴ ዙሪያ ማሾ እየሰበሰብን ለላኪ እናስረክብ ነበር፣ ሦስት ዓመት ሰራን። እኔ ገበያ ገበያውን እዞራለሁ፣ ሂሳቡን የሚይዘው እሱ ነው። ትርፉን እንካፈል ስለው ኪሳራ ነው አለኝ፣ ከሰስኩት። ሂሳቡ የተጻፈበት ደብተር በሱ እጅ ነው፣ ብሩ የገባውም በሱ ስም ባለው ባንክ ነው። ሁለቱም ይምጡልኝ ብዬ ብጠይቅ ዳኛዋ "ጥያቄውን አልተቀበልነውም" ብለው አለፉትና ምስክር ለመስማት ቀጠሮ ሰጡ። ሰው ሁሉ ደሴ ወጥተህ ይግባኝ በል ይለኛል። ልውጣ ወይስ ሐቄን ለአላህ ልተወው? ነጋዴው ነኝ፣ ከኮምቦልቻ።

መልስ፦ ጋሼ፣ አጭሩን መልስ አስቀድሜ ልንገርዎት፣ ወደ ደሴ የሚያስወጣውን የሐረጎን ዳገት አሁን አይውጡት። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ እሱ አይደለም ችግሩ፣ ወጥተው የሚያገኙት ነገር የለም ብዬ ነው።

ለምን መሰልዎት፣ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጋችን፣ ያ በ1958 ዓ.ም ወጥቶ እስካሁን የምንሰራበት፣ ቁጥር 320 ላይ ይግባኝ የሚባለው በመጨረሻ ፍርድ ላይ ነው ይላል። ንዑስ ቁጥር 3 ደግሞ ነገሩን ቁልጭ አድርጎ ያስቀምጠዋል፣ በቀጠሮ፣ በመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ፣ የሰው ወይም የሰነድ ማስረጃ ይቅረብ አይቅረብ በሚለው፣ በደሀ ደንብ፣ ማለትም ዳኝነት ሳይከፍሉ፣ ለመክሰስ ይፈቀድልኝ በሚል ጥያቄ ላይ ፍርድ ቤት የሚሰጠው ትዕዛዝ ለብቻው ተነጥሎ ይግባኝ አይባልበትም፣ ነገር ግን በዋናው ፍርድ ላይ ይግባኝ ሲባል ያኔ እንደ አንድ የይግባኝ ምክንያት ሊነሳ ይችላል። ሰው ሁሉ የሚዘነጋት ይቺን የመጨረሻዋን ነገር ነው። ይግባኙ አልተከለከለም፣ ቀኑ ነው የተገፋው። "ልተወው ወይ" ላሉኝ መልሱ እዚህ ጋ ነው፣ አይተዉትም፣ ያቆዩታል።

ይሄን መጽሐፍ አንብቤ ብቻ አይደለም የምነግርዎት፣ ዋጋ ከፍዬበታለሁ። ጥብቅና በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት አንድ ደንበኛዬ ሦስተኛ ምስክሩ ሳይሰማለት ቀረ፣ ተናደደ፣ እኔም ወጣት ነኝ አብሬው ተናደድኩ፣ በሳምንቱ ይግባኝ ጽፌ ገባሁ። ችሎት ቀረብኩ፣ የመሃል ዳኛው መነጽራቸውን ዝቅ አርገው "ፍርዱ የታለ?" አሉኝ። ገና አልተፈረደም አልኳቸው። "ታዲያ ምኑን እንድናርምልህ ነው የመጣኸው?" ብለው መዝገቡን ዘጉት፣ ቁጭ እንኳን አላልኩም ነበር። ከኋላዬ ተራ የሚጠብቁ ጠበቆች ሲስቁ ይሰማኛል። ደንበኛዬ የዳኝነት ከፍሏል፣ የትራንስፖርት ከፍሏል፣ ለኔም ከፍሏል፣ ከዛ በላይ ደግሞ "ይግባኝ ብያለሁ" እያለ በስር ፍርድ ቤት ቀጠሮ ሲያስለውጥ ሁለት ወር አለፈና ተከሳሹ ያንን ጊዜ ተጠቅሞ ዕቃውን ሽጦ ጨረሰ። ያቺን ቀን እስካሁን ሳስታውሳት ጆሮዬ ይግላል።

እሺ አሁን ምን ያርጉ? የላኩልኝን የአቤቱታዎን ፎቶ አየሁት። ጋሼ አይቀየሙኝና ጥፋቱ የዳኛዋ ብቻ አይደለም። የተጻፈው አንድ መስመር ነው፣ "በተከሳሽ እጅ ያለው ደብተርና የባንክ ማስረጃ ይቅረብልኝ"፣ በቃ። የትኛው ደብተር? የቱ ባንክ፣ የቱ ቅርንጫፍ፣ ከመቼ እስከ መቼ? ምን ሊያስረዳልዎት? እንደዚ ተጽፎ ሲመጣ ዳኛ "ይሄ ሰውዬ የሌላ ሰው ኪስ ሊፈትሽ ነው" ብሎ ቢጠራጠር አልፈርድበትም። ሕጉ እኮ ቁጥር 223 ላይ ክስ ስናቀርብ የማስረጃ ዝርዝር እንድናያይዝ፣ በእጃችን የሌለ ሰነድ ካለም በማን እጅ እንዳለ እንድንገልጽ ያዛል። ከመስሪያ ቤት ወይ ከባንክ ማስረጃ ይምጣልኝ ሲባል በየችሎቱ የሚጠቀሰው ደግሞ ቁጥር 145 ነው፣ እሱ በቃለ መሐላ ተደግፎ ይቅረብ ይላል፣ ሰነዱ ለጉዳዩ ምን እንደሚጠቅም፣ እርስዎ ግልባጩን በራስዎ ለማግኘት ለምን እንዳልቻሉ ወይም ለምን ብዙ ጊዜና ወጪ እንደሚፈጅብዎት መማል አለብዎት። የርስዎ አቤቱታ ላይ ቃለ መሐላ የለም። የለም!

በስልክ ስናወራ ግን አንድ ወርቅ የሆነ ነገር ነገሩኝ፣ እርስዎ እንደ ተራ ወሬ ነው ያለፉት። አንድ ቀን ሻይ ቤት ሂሳብ ስትተሳሰቡ ተጨቃጭቃችሁ ከደብተሩ ላይ ሁለት ገጽ በስልክዎ ፎቶ አንስተዋል። ያንን ፎቶ አስልኬው አየሁት፣ ሰማያዊ ልባስ ያለው ባለ 50 ሉክ ሲናርላይን ነው፣ በግራ በኩል የገበሬው ስምና የኩንታሉ ብዛት፣ በቀኝ የተከፈለው ብር፣ ከስር በቀይ እስክርቢቶ "ለኮ/ቻ መጋዘን ገባ" የሚል። ይሄ ሰውዬ ደብተር የለኝም ቢል እንኳን ፎቶው አፉን ያስይዘዋል። በሉ አሁን አዲስ አቤቱታ ይጻፉ፣ ደብተሩን እንደዚ በመልክ በመልኩ ይግለጹት፣ የማን የእጅ ጽሑፍ እንደሆነ ይጻፉ፣ ፎቶውን ያያይዙ፣ የባንኩን ቅርንጫፍና የሽርክናችሁን ወራት ብቻ ይጥቀሱ፣ ቃለ መሐላ ያድርጉ። የመጀመሪያው ጥያቄ ውድቅ የሆነው በደንብ ስላልተጠየቀ ከሆነ በደንብ አርጎ ደግሞ መጠየቅን የሚከለክል ነገር የለም፣ ያቺው ዳኛ ትዕዛዛቸውን ሊያሻሽሉ ይችላሉ፣ እሳቸው ቢያሻሽሉት ደግሞ ከየትኛውም ይግባኝ ይፈጥናል። እግረ መንገድዎን ነጋዴ የሂሳብ መዝገብ የመያዝ ግዴታ እንዳለበት የንግድ ሕጉን፣ አዋጅ 1243/2013ን፣ ጠቅሰው "ኪሳራ ነው የሚል ሰው ኪሳራውን በመዝገብ ያሳየን" ይበሉ። ሂሳብ አዋቂ ተሹሞ ይመርምርልኝ ብሎ መጠየቅም ይቻላል፣ የሽርክና ክርክር ላይ ከምስክር በላይ የሚያዋጣው እሱ ነው ባይ ነኝ። የሚዛን ቤቱን ሰውዬ ደግሞ በምስክርነት ያስጠሩት።

ይሄም ሆኖ እምቢ ከተባሉ አይጩሁ። "ጥያቄዬና የተከለከልኩበት ምክንያት በመዝገብ ይያዝልኝ" ይበሉ፣ በትህትና፣ ቆመው። ትዕዛዙ ያለበትን ቀን ገጽ ግልባጭ ያስወጡ። ከዛ ክርክርዎን ይቀጥሉ፣ ማን ያውቃል በምስክር ብቻ ያሸንፉ ይሆናል፣ ካሸነፉ ደግሞ ያ ሁሉ ንዴት ከንቱ ነበር ማለት ነው። ከተሸነፉ ግን ፍርዱ በተሰጠ በ60 ቀን ውስጥ ለደቡብ ወሎ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይግባኝ ሲሉ አንደኛው ምክንያትዎ "ሊታይ የሚገባው ማስረጃ ታለፈብኝ" ይሆናል። ቁጥር 345 ይግባኝ ላይ አዲስ ማስረጃ ማቅረብን በመርህ ደረጃ ይከለክልና የስር ፍርድ ቤት መቀበል ሲገባው ያልተቀበለው ማስረጃ ከሆነ ግን ይፈቅዳል። ወይ እዛው ያዩታል፣ ወይ ነጥብ ይዘው "ይሄን አይተህ ወስን" ብለው ይመልሱታል። አንድ ነገር ግን ልብ ይበሉ፣ ማስረጃው ታለፈ ማለት ብቻውን አያዋጣም፣ ቢታይ ኖሮ ውጤቱ እንዴት ይቀየር እንደነበር ማሳየት አለብዎት። ለዛ ነው ያችን ፎቶ አደራ የምልዎት፣ ስልክዎ ቢጠፋ ብለው ለልጅዎም ይላኩለት።

ጥያቄ፦ ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ደሴ ሰኞ ገበያ አካባቢ ነው ምኖረው። አባታችን ከሞተ አራት ዓመቱ ነው፣ እስኪሞት ያስታመምኩት እኔ ነኝ፣ ወንድሞቼ አዲስ አበባ ናቸው። አሁን መጥተው የአባታችንን ሱቅ ኪራይ ስትበላ ነበር ብለው ከሰሱኝ። ፍርድ ቤቱ የባንክ ሂሳቤ ስቴትመንት ሙሉውን እንዲመጣ አዘዘ። እዛ ውስጥ የባሌ ገንዘብ አለ፣ የእቁቤ አለ፣ ሐኪም ቤት የከፈልኩት አለ፣ ወንድሞቼ እንዲያዩት አልፈልግም። አንድ ሕግ የሚያውቅ ጎረቤቴ 320 ንዑስ ቁጥር 4 ላይ ንብረት ወደ ሌላ ሰው እንዲያልፍ ሲታዘዝ ወዲያው ይግባኝ ይባላል አለኝ፣ ሰነዴ ንብረቴ አይደል? እውነት ነው?

መልስ፦ እህቴ አብሽሪ። ጎረቤትሽ ግማሹን ልክ ነው፣ የሳተው ግማሽ ግን ዋናው ነው።

ንዑስ ቁጥር 4 የሚባለው አለ። ሰው እንዲታሰር ወይ ተይዞ እንዲቆይ ሲታዘዝ፣ ንብረት ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው እንዲያልፍ ሲታዘዝ፣ አካልን ነጻ የማውጣት አቤቱታ፣ ማለትም ያላግባብ የተያዘ ሰው ይለቀቅልኝ የሚለው፣ ሲከለከል የመጨረሻውን ፍርድ ሳይጠብቁ ይግባኝ ይባላል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፣ የታሰረ ሰው ከዓመት በኋላ "ለካ መታሰር አልነበረብህም" ቢባል ያቺን ዓመት ማን ይመልስለታል፣ የሄደ በሬም እንደዛው፣ ከታረደ ታረደ ነው። የስቴትመንት ኮፒ ግን ንብረት መተላለፍ አይደለም እህቴ። ሂሳብሽ ውስጥ ያለው ብር ያንቺ ነው፣ አንድ ሳንቲም አልነካብሽም፣ ፍርድ ቤቱ ሊያይ የፈለገው ወረቀቱን ነው። እኔ እንደሚገባኝ ያ ንዑስ ቁጥር ለዕቃና ለገንዘብ እንጂ ማስረጃ ለማየት ለሚሰጥ ትዕዛዝ አልተጻፈም፣ ማስረጃው በንዑስ ቁጥር 3 በስሙ ተጠርቷል። በዚህ ምክንያት ይግባኝ ብትይ አያስቀርብም ብለው ሌላውን ወገን ሳይጠሩ እንደሚዘጉት ነው የምገምተው።

እውነቱን ለመናገር ግን ያንቺ ጉዳይ ከነጋዴው ጉዳይ ይከብደኛል። እሳቸው ማስረጃ ተከለከሉ፣ ቆይቶ ሊታረም ይችላል። ያንቺ ግን አንዴ ወንድሞችሽ ካዩት አዩት ነው፣ የላይ ፍርድ ቤት በኋላ "አላስፈላጊ ነበር" ቢል ካይናቸው አይወጣም። ሕጉ ይሄን ልዩነት አላሰበበትም፣ ሁለቱንም አንድ ላይ ነው ያጠቃለላቸው። ቅር ይለኛል እኔን።

ስለዚህ መንገድሽ ይግባኝ ሳይሆን እዛው ያዘዘሽ ችሎት ፊት ነው። ነገ ዛሬ ሳትይ ትዕዛዙ ይጥበብልኝ ብለሽ አመልክቺ። "አይቅረብ" አትበይ፣ እሱን ካልሽ የምትደብቂው ያለ ይመስላል። "ክሱ ስለ ሱቅ ኪራይ ነው፣ አባታችን ካረፈበት ቀን ወዲህ ያለው ብቻ ይምጣ፣ ከዛ በፊት ያለው አይመለከትም፣ ከዛም ውስጥ ከተከራዩ የገባው ብቻ ይለይ፣ መጀመሪያ ክቡር ፍርድ ቤቱ ይየውና ለጉዳዩ የማይጠቅመው ለተከራካሪ አይሰጥ" በይ። ተከራዩ ኪራይ በባንክ ነው የሚከፍልሽ በእጅ? በእጅ ከሆነ ያንን ግለጪ፣ ስቴትመንቱ ጭራሽ ምንም አያስረዳም ማለት ነው፣ ተከራዩን ራሱን ቢጠሩት ይቀላል። ለአባትሽ መድኃኒት ያወጣሽበት ደረሰኝ ካለሽ ደግሞ አብሪው፣ ኪራዩ ገብቷል ግን እዚህ ወጥቷል ማለት ያንቺ መከላከያ ነው፣ ምናልባት ያ የፈራሽው ስቴትመንት ራሱ ላንቺ ይመሰክር ይሆናል።

ባንኩን ሄደሽ አትለማመጪ፣ ትዕዛዝ ከደረሰው ይሰጣል፣ እነሱ ምስጢርሽን የሚጠብቁት ከሌላ ሰው እንጂ ከፍርድ ቤት አይደለም። ሂሳቡንም አትዝጊው በናትሽ፣ እንደዛ ያደረገ ሰው አይቻለሁ፣ ዳኛው ፊት እንደ ሌባ ነው የታየው።

ጥያቄ፦ ልጄ ሰላም ነህ? ይሄን የምትጽፍልኝ የጎረቤት ልጅ ናት። ወልድያ ነኝ። ልጄ አሜሪካን ትልቁን መኪና ነው የሚነዳ፣ አንድ ድርጅት መኪና ገጭቶት ወገቡን ታሞ ከሶ ነበር። አሁን እነዛ ሰዎች የአምስት ዓመት የሐኪም ወረቀትህን አምጣ፣ የስልክህንም መዝገብ አምጣ አሉት፣ ዳኛም አዘዘበት። እሱ ወላሂ አልሰጥም ይላል፣ ጠበቃው ግን ይግባኝ አይባልም ሰጥ ይለዋል። ጠበቃው ተገዝቶ ይሆን? ልቤ አላርፍ አለኝ።

መልስ፦ እማዬ፣ ጠበቃው አልተገዛም፣ እሱን ነገር ከልብዎ ያውጡት። የነገረው ልክ ነው።

የዛ አገር ክርክር ከኛ ይለያል። እኛ ጋ ማስረጃ ሲፈለግ ዳኛ ይጠየቃል። እነሱ ጋ ገና ሙግቱ ዳኛና ጁሪ ፊት ሳይቀርብ ከሳሽና ተከሳሽ አንዱ ካንዱ ሰነድ ይጠያየቃሉ፣ በጽሑፍ ጥያቄ ይላላካሉ፣ ቢሮ ተቀምጠው በመሐላ ቃል ይቀባበላሉ፣ ዲስከቨሪ ይሉታል፣ በፌደራል ፍርድ ቤቶቻቸው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1938 ጀምሮ ነው በዚህ መልኩ የሚሰራው። ዳኛ የሚገባው ሲጣሉ ነው። ጥሉ ደግሞ አያልቅም፣ እያንዳንዱ ጥል ይግባኝ ቢባልበት ልጅዎ ካሳውን የሚያገኘው በልጅ ልጅ ዘመን ነበር። ስለዚህ እነሱም እንደኛ ዋናው ደንባቸው የመጨረሻ ፍርድ ካልተሰጠ ይግባኝ የለም የሚል ነው።

የልጅዎ መዝገብ ፌደራል ፍርድ ቤት ነው ብላ ጽፋልኛለች ልጅቷ፣ በተለያየ ስቴት ያሉ ሰዎች ከ75,000 ዶላር በላይ ሲካሰሱ እዛ መሄድ ይችላሉ። እዛ ጠባብ ጠባብ የጎን በሮች አሉ። አንዱ ዳኛው ራሱ "ይሄ ነጥብ ከባድ የሕግ ጥያቄ ነው፣ የላይኛው ይየው" ብሎ ሲፈቅድ ነው፣ ከፈቀደ በ10 ቀን ውስጥ ለላይኛው ማመልከት ነው፣ የላይኛው ደግሞ እምቢ ማለት ይችላል። ሁለተኛው ማንዳመስ የሚሉት ነው፣ ዳኛው ከሥልጣኑ ወጥቷል ወይ ሕጉን በግልጽ ጥሷል ብሎ ለላይኛው አቤት ማለት፣ እሱ የሚሳካው ከስንት አንዴ ነው። በነሱ አቆጣጠር በ1949 የመጣ ደግሞ አለ፣ ከዋናው ክርክር ጭራሽ የተለየና በኋላ ሊታረም የማይችል ትዕዛዝ ከሆነ ሳይጠበቅ ይግባኝ ይባልበታል የሚል፣ ብዙ ሰው የሐኪምና የጠበቃ ምስጢር በዚህ በር ይገባል ብሎ ተስፋ አርጎ ነበር። በ2009 ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው ዘጋው። ሞሃውክ የሚባል ምንጣፍ አምራች ድርጅት ከጠበቃው ጋ ያወራውን ምስጢር እንዲያወጣ ታዘዘ፣ በፍጹም ብሎ ይግባኝ ይዞ እላይ ድረስ ወጣ፣ የጠበቃና የደንበኛ ምስጢር እንኳን ቢሆን መጨረሻውን ጠብቅ ተባለ። የደንበኛና የጠበቃ ምስጢር ካልተረፈ የስልክ መዝገብ እንዴት ይተርፋል እማዬ።

"አልሰጥም" የሚለው ነገር ነው እኔን ያስፈራኝ። ከጉዳዩ ውጪ ያለ ሰው፣ ተከራካሪ ያልሆነ፣ አልሰጥም ብሎ ፍርድ ቤት በመድፈር ቢቀጣ ቅጣቱ ላይ ይግባኝ ማለት ይችላል። ተከራካሪ ራሱ ግን እንዲሰጥ ለማስገደድ ብቻ ቢቀጣ ያንንም መጨረሻ ድረስ ይጠብቃል። ከዛ የከፋው ደግሞ ዳኛው ሲሰለቸው የልጅዎን ክስ ከነጭራሹ ሊዘጋው መቻሉ ነው። ያኔማ ፍርድ ሆነ፣ ይግባኝ ይባላል፣ ግን የላይኛው ፍርድ ቤት የሚጠይቀው ዳኛው ያለውን ሰፊ ሥልጣን አላግባብ ተጠቅሟል ወይ የሚለውን ብቻ ነው፣ "እኔ ብሆን ሌላ አዝ ነበር" ብሎ አይሽረውም። ወገቡን ታሞ ካሳውንም አጥቶ መቅረት ነው፣ አይሞክረው።

ይልቅ ሁለት ነገር ጠበቃውን ይጠይቀው። ትዕዛዙን የሰጠው ዋናው ዳኛ ነው ወይስ ማጂስትሬት የሚሉት ረዳት ዳኛ? ማጂስትሬት ከሆነ በ14 ቀን ውስጥ ለዋናው ዳኛ ተቃውሞ ማቅረብ ይቻላል፣ ይግባኝ አይደለም ግን ሁለተኛ አይን ነው። ሁለተኛ፣ መከላከያ ትዕዛዝ ይጠይቅ፣ ማለትም የሐኪሙ ወረቀት የወገቡን ብቻ ይሁን፣ የስልኩም መዝገብ አደጋው የደረሰበት ሰዓት አካባቢ ብቻ ይሁን፣ ጠበቆች አይተው ከዛ ውጪ ለማንም እንዳያወጡት ይታዘዝ። ወገቤን ታመምኩ ብሎ የከሰሰ ሰው የወገቡን ወረቀት መደበቅ አይችልም፣ ይሄ የትም አገር ያው ነው፣ ሌላውን ግን መከራከር ይችላል፣ በነሱ ሕግ የሚጠየቀው ነገር ከጉዳዩ ክብደት ጋ መመጣጠን አለበት። ስልክ ሲደውልልዎት ይቺን ያንብቡለት። ዱዓዎም ይታከልበት።

ጥያቄ፦ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ተማሪ ነኝ። ቁጥር 320 ንዑስ ቁጥር 3 ፍትሐዊ ነው ብለህ ታምናለህ? ክፍል ውስጥ ተጨቃጭቀንበት ነው።

መልስ፦ ወንድምዓለም፣ ክፍላችሁ ውስጥ ብኖር ከደጋፊዎቹ ጋ ነበር የምቀመጠው፣ ግን ከጀርባ ወንበር።

እስቲ ገምተው፣ አንድ መዝገብ ላይ አስር ትዕዛዝ ቢሰጥና አስሩም ደሴ ቢወጡ፣ ከዛ ባሕር ዳር፣ በወልድያ በጋሸና አርጎ በደብረ ታቦር፣ ገንዘብ ያለው ተከራካሪ ገንዘብ የሌለውን በመንገድ ብቻ ይጨርሰው ነበር። ደንቡ የሚጠብቀው ድሀውን ነው፣ ይሄንን በችሎት ስለማየው ነው የምልህ። ኒውዮርክ ብትሄድ ለምሳሌ በመሃል ትዕዛዝ ላይ ይግባኝ በሰፊው ነው የሚፈቅዱት፣ ከፌደራሉም ከኛም ተለይተው፣ የሚቻል ነገር ነው ግን ብዙ ጠበቃና ብዙ ብር ላለበት አገር ነው የሚሆነው።

ቅሬታዬ ሌላ ነው። ሕጋችን ከሕንዱ የ1908 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) የሥነ ሥርዓት ሕግ ብዙ ነገር ወስዷል፣ ሕንዱ ላይ ግን ተከራካሪዎች ሰነድ የሚጠያየቁበት፣ በጽሑፍ ጥያቄ የሚላላኩበት ራሱን የቻለ ክፍል አለ፣ ትዕዛዝ 11 የሚባለውን አንብበው። እኛ ጋ ያ የለም፣ ሁሉም ነገር የዳኛው በጎ ፈቃድ ላይ ተንጠልጥሏል። እንግዲህ ማስረጃ የሚገኘው በዳኛ በኩል ብቻ ከሆነ፣ ዳኛው ደግሞ "አልተቀበልነውም" ብሎ በአንድ ቃል ከዘጋው፣ ከዓመት ተኩል በኋላ ይግባኝ ሰሚው ምኑን ይመረምራል? ምክንያቱ አልተጻፈም እኮ። እኔ 320ን ከመቀየር ይልቅ ማስረጃ የሚከለክል ዳኛ ሁሉ ሁለት መስመር ምክንያት እንዲጽፍ ቢገደድ እመርጣለሁ። እና ደግሞ እንደ ደሴዋ እህታችን ዓይነቱ፣ አንዴ ከወጣ የማይመለስ ምስጢር ሲሆን፣ ለሱ ብቻ ጠባብ በር ቢከፈት። ለሞሃውክ የተዘጋውን በር ማለቴ ነው፣ እነሱ ቢዘጉትም እኛ መዝጋት የለብንም። ክፍል ውስጥ ይሄን ስትናገር ስሜን አትጥራ፣ መምህርህ አብሮ አደጌ ነው።

በነገራችን ላይ ደብዳቤ የምትልኩ ሰዎች ኦሪጅናል ሰነድ አትላኩልኝ፣ ኮፒ ወይ የስልክ ፎቶ ይበቃኛል። ባለፈው ወር ከሐይቅ የመሬት ደብተሩን ራሱን ፖስታ ውስጥ ከቶ የላከው ወንድማችን ስልክ ቁጥር አልጻፈም፣ ደብተሩ ፒያሳ ያለው ቢሮዬ መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎበታል፣ መጥቶ ይውሰደው።